ከጠመኔዋ በፊት

የአየርላንዱ ጸሐፊ ክሪስቲ ብራውን በ1954 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ያሳተመውን ‹‹ግራ እግሬ›› የተባለ ግለ ታሪክ ያነበበ፣ ወይም ጂም ሸሪዳን በ1989 ያዘጋጀውን ፊልም ያየ ሰው፣ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ጠመኔዋን አይረሳም። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ስላለበት እጁም ምላሱም አይታዘዙለትም። ሐኪሞች ለእናቱ ‹‹አእምሮው አይሠራም፣ ተስፋ ቁረጪ›› ብለዋታል። ታዲያ አንድ ብርዳማ የታኅሣሥ ቀን እህቱ የምትጽፍበትን ጠመኔ በግራ እግሩ ጣቶች ቀማት። እናቱ አጠገቡ ተንበርክካ ‹ኤ› የምትባለውን የላቲን ፊደል ወለሉ ላይ ጻፈችለት፤ እሱም ተንቀጥቅጦ፣ አልቦት፣ አስመስሎ ጻፋት።

እዚህ ላይ አንባቢው ያለቅሳል። የፊልሙ ተመልካችም መሐረቡን ያወጣል። እኔ ግን ሁላችንም ያለቦታው የምናለቅስ ይመስለኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። መጽሐፉን ልብ ብሎ ላነበበ ሰው ከጠመኔዋ ጥቂት ገጾች ቀደም ብሎ ሌላ ትዕይንት አለ። እናትየው የግንበኛ ሚስት ናት፤ 22 ልጆች ወልዳ 13ቱ የቀሩላት። ከዚያ ሁሉ የቤት ጣጣ ጊዜ ሰርቃ ለዚህ ልጇ የሥዕል መጽሐፍ ትገልጥለታለች። አበባውን፣ እንስሳውን እያሳየች ስማቸውን ትነግረዋለች። መልስ የለም። ታለቅሳለች፤ ግን አትተወውም። ሐኪሙ ‹የለም› ያለውን አእምሮ እሷ ‹አለ› ብላ ታወራዋለች። ያቺ ‹ኤ› የበቀለችው ከዚህ መሬት ነው። ለዓመታት ቃል ያልተዘራበት ልጅ ጠመኔ ቢቀማ ኖሮ፣ ጠመኔ ቀማ ይባል ነበር እንጂ ጻፈ አይባልም ነበር።

ፊልሙን የምወቅሰው በዚህ ነው። ዳንኤል ዴይ-ሉዊስ በትወናው ኦስካር ማግኘቱ ሲያንሰው ነው፤ እናቱን ሆና የተጫወተችው ብሬንዳ ፍሪከርም ሽልማቷን አላጣችም። ነገር ግን ሲኒማ ተአምር ይወዳል። ልጁ ይጽፋል፣ አባት በኩራት ተሸክሞት መጠጥ ቤት ይገባል፣ እኛም ጉሮሯችንን ሲቃ ይይዘዋል። የሥዕል መጽሐፉ የሚገለጥባቸው ረጅም ከሰዓት በኋላዎች ግን ለካሜራ አይመቹም፤ ምንም አይታይባቸውማ!

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ አፉን የሚፈታ ልጅ ቋንቋ የሚማረው እንዴት ነው? አራስ ቤት ያለውን ሕፃን ‹‹እናትህ ማን ናት? ካልመለስክ አላናግርህም›› የሚለው አለ እንዴ? ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም በላይ፣ ቃል እናዘንብበታለን። ‹ባባ› ሲል ‹‹አባባ አለ!›› ብለን ሰፈሩን እንጠራለን። አፉ የማይፈታለትን ልጅ ግን አስቀድመን እንፈትነዋለን። ፈተናውን ካላለፈ ‹አይገባውም› እንላለን፤ አይገባውም ካልን ደግሞ አናናግረውም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ያገራችን ሰው። ለዚህ ልጅ የቀረበት ደጃዝማችነት ብቻ ቢሆን ምንኛ በታደለ!

ዛሬ አጋዥና አማራጭ መግባቢያ የሚባል ሙያ አለ። መናገር ላልቻለ ሰው በምልክት፣ በሥዕል ሰሌዳ፣ ሲነኩት ድምፅ በሚያወጣ ታብሌት መግባቢያ ማበጀት ማለት ነው። ይህ ሙያ ለጀማሪዎች የሚመክረው ያቺ የደብሊን እናት ያደረገችውን ነው ቢባል አልተጋነነም። ለጀማሪ ልጅ ሰሌዳ ሰጥቶ ‹‹በል ተናገር›› ማለት አይሠራም። መጀመሪያ አዋቂው ራሱ በሰሌዳው ያወራል፤ ‹እንሂድ› ሲል የመሄዱን ሥዕል ይነካል፣ ‹በቃ› ሲል የበቃውን። ሲጠይቅ ደግሞ አፉን ይዘጋና ይጠብቃል፤ አሥር ቆጥሮም ቢሆን። ልጁ አንዱን ሥዕል እንዲያው ቢነካ እንኳ ቁም ነገር እንደተናገረ ቆጥሮ ይመልስለታል። ሰሌዳውንም እንዳያቆሽሸው ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አይቆልፍበትም። አንደበትን ማን ይቆልፋል?

እዚህ ላይ ሌላ መጽሐፍ ያሳስተናል። ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ዣን-ዶሚኒክ ቦቢ በ1995 መላ አካሉን ስትሮክ መታው፤ ከዚያ ወዲያ የግራ ዓይኑን ሽፋሽፍት ብቻ ነበር የሚያዘው። ፊደል በየተራ ሲነበብለት በሚፈልጋት ላይ ዓይኑን እየጨፈነ በ1997 የወጣውን መጽሐፉን አጻፈ። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ቦቢ ቋንቋ ሞልቶት የተረፈ ሰው ነበር፤ የተዘጋበት በሩ ብቻ ነው። ጀማሪው ልጅ በሩም ተዘግቷል፣ ቤቱም ገና አልተሠራም። ለቦቢ የፊደል ዝርዝር በቃው። ለልጁ ፊደሉ ከመምጣቱ በፊት ቃል፣ ጨዋታ፣ ተረት ያስፈልገዋል።

ደግሞ የምንሰጠውን ቃል እንመልከት። ብዙ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚለጠፉለት ሥዕሎች ሦስት ናቸው፤ ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት። ሰው በእነዚህ ሦስት ቃላት ይኖራል እንዴ? ‹አልፈልግም› የሚለው የት አለ? ‹ለምን›፣ ‹ተናደድኩ›፣ ‹ያንተ ተራ ነው›፣ ‹ውሸትህን ነው› የት አሉ? ለማኝ የሚያደርግ እንጂ ተናጋሪ የሚያደርግ ሰሌዳ አይደለም።

በእኛም አገር እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ አለ። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ የተጋፈጡት አንዱ ነገር ይኸው መደበቅ ነበር። የሚገርመው፣ ለእንዲህ ያለ ሰሌዳ የተመቸ ነገር ከጥንት ጀምሮ በእጃችን አለ፤ ፊደል ገበታ! 33 ረድፍ በ7 ዓምድ፣ በድምሩ 231 ፊደል ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መጠቆም አድካሚ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ረድፉን፣ ቀጥሎ ግዕዝ ካዕብ ሣልስ እያሉ ዓምዱን ቢጠይቁ ምርጫው 40 ብቻ ይሆናል። ሞክሼዎቹን (ሐና ኀን፣ ሠን፣ ዐን፣ ፀን) ለጀማሪው ብንተውለት ደግሞ 28 ረድፍና 7 ዓምድ፣ 35 ምርጫ ይቀራል። ስለ ፊደል መቀነስ ስንከራከር የኖርን ሰዎች ቢያንስ ለዚህ ገበታ እንስማማ ይሆናል። የኔታ ቤት ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ድምፁን የሚያወጣበት ገበታ፣ ድምፅ የሌለው ልጅ እየጠቆመ የሚናገርበት ቢሆን ምን ይከፋል? ፊደሉ እስኪደርስ ደግሞ የሥዕል ሰሌዳ ካርቶንና እርሳስ ነው የሚፈልገው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ልጁን እንስማው ስንል ቃል አፉ ውስጥ እናስቀምጥለት ማለታችን አይደለም። በ1990ዎቹ የልጁን እጅ ደግፎ ቁልፍ የማስነካት ዘዴ ብዙ ወላጆችን አስፈንድቆ ነበር። ተመራማሪዎች ለልጁና ለደጋፊው የተለያየ ሥዕል ሲያሳዩ የሚጻፈው ደጋፊው ያየው ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር በ2018 ዘዴው ጥቅም ላይ እንዳይውል አሳስቧል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፤ ልጁ በራሱ ለነካው ሥዕል መልስ መስጠት ማናገር ነው፣ እጁን ይዞ ማስነካት ግን በሰው ስም መጻፍ ነው። ክሪስቲ ብራውን መጽሐፉን ለወንድሞቹ በቃል እያለ አስጽፏል፤ ቃሉ ግን የእሱ ነበር።

ስለዚህ ‹‹ግራ እግሬ››ን ስታነቡ ወደ ጠመኔዋ አትቸኩሉ። ጥቂት ገጾች ወደ ኋላ ተመለሱና መልስ በሌለበት የምታወራውን ሴት ተመልከቷት። ሥዕሉን ስትገልጥ ልጇ አንድ ቀን ጸሐፊ እንደሚሆን አታውቅም ነበር። ባይሆንም ኖሮ ልክ ነበረች።