ስምንተኛው ቀንና አርባው፦ ግዝረት በተዋሕዶ ሥርዓት

ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 ለኢየሱሳውያን ክስ መልስ ባደረጉት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረትን ከኪዳን ምልክትነት አውርደው የአገር ልማድ ያደርጉታል፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው፣ በህንድ ጆሮ እንደሚበሳው ማለት ነው። ‹አይሁድ ሆናችኋል› ለሚል ባላጋራ የተዋጣ መልስ ነው። እንደ ማብራሪያ ግን ይጎድለዋል። ለብጣት የተቆረጠ ቀን የለውም፤ ወንድ ልጅ ግን ሥርዓቱ ሲጠበቅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ቀኑን የቆረጠው ደግሞ ዘፍጥረት 17 ላይ ለአብርሃም የተሰጠው ቃል ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያጠብቀው ኩፋሌ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው ይህ መጽሐፍ በስምንተኛው ቀን ያልተገረዘውን ከኪዳኑ ልጆች አያስገባም፤ የፊቱ መላእክት እንኳ ሲፈጠሩ የተገረዙ ናቸው ይላል። ንጉሡ ይህን አላነሡትም፤ ሊያነሡትም አይችሉም ነበር፤ ክርክሩ ከኢየሱሳውያን ጋር ነዋ።

የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ እ.ኤ.አ. በ1626 ግዝረትንና የቅዳሜን ሰንበት ሲከለክል ‹ልማድ› የተባለው ነገር ክብደት ጨመረ። ካቶሊክነትን በተቀበሉት በዐፄ ሱስንዮስ ላይ የተነሣው ሕዝብ በባሕርየ ክርስቶስ ክርክር ብቻ አልተቆጣም፤ የጓዳው ሥርዓት ስለተነካበትም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1632 የተዋሕዶ እምነት ሲመለስ ግዝረቱም አብሮ ተመለሰ።

የነገሩን እምብርት የሚያሳየኝ ግን ጥር 6 ቀን የሚነበበው ስንክሳር ነው። ዕለቱ የጌታ ግዝረት በዓል ነው። ዮሴፍ ባለሙያ ያመጣል፤ ሕፃኑ ባለሙያውን አፍ አውጥቶ ያነጋግረዋል፤ ምላጩ በሰውየው እጅ ላይ ይቀልጣል፤ ግዝረቱም ያለ ስለትና ያለ ደም ይፈጸማል። ያ ደም ለመስቀሉ ቀን የተጠበቀ ነውና። ተራኪው ሕጉን አላፈረሰም፤ ስለቱን ግን አቀለጠው። ቆላስይስ 2 በእጅ ያልተደረገውን ግዝረት ከጥምቀት ጋር ያያያዘበትን ሐሳብ በትረካ ያስቀመጠ ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ አላውቅም።

ከመጻሕፍቱ ወደ ዛሬው ኑሮ፣ ወደ አዲስ አበባው ጉለሌ ክፍለ ከተማ እንምጣ። እዚህ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያንም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የሚጠሩት የገላትያን ሰዎች ከግዝረት በከለከለው ሐዋርያ ስም ነው፤ ጢሞቴዎስን የገረዘውም እሱው ነው። ዛሬ ግዝረቱ በብዙ ቤት የባለሙያ እናት ወይም የሰፈር አዋቂ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የጤና ባለሙያ ሥራ ሆኗል፤ ቀኑም እንደ ቀጠሮው ይገፋል። ወንድ ልጅ የሚጠመቅበት አርባኛው ቀን ግን አይገፋም። ለግዝረቱ ካርድ ያወጣው አባት ለክርስትናው ድንኳን ይጥላል፤ ክርስትና አባት ይመረጣል፣ ሕፃኑ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ማዕተቡ አንገቱ ላይ ይታሰራል። ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ልጁን በሚያስገርዝበት፣ ከአሥር ወንድ ዘጠኙ ያህል በተገረዘበት አገር፣ ግዝረት ማንን ከማን ይለያል? የሚለየው ክሩ ነው። የአብርሃም ምልክት በልብስ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ማዕተቡን ታክሲ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ያየዋል።

ሁሉንም የሚፈትነው የሴቷ ልጅ ጥያቄ ነው። ዘፍጥረት 17 የሚያዝዘው ወንዱን ብቻ ነው። በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸመው ግርዛት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ያስቀጣል፤ ከአብርሃም ኪዳን ጋርም አንዳች ዝምድና የለውም፤ ሃይማኖት ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር ጥቅስ አምጣ ሊባል ይገባል። ግዝረት የክርስትና ኪዳን ምልክት ቢሆን ኖሮ ሴቷ ሕፃን ከደጅ በቀረች ነበር። እሷ ግን በሰማንያ ቀኗ በዚያው ውኃ ትጠመቃለች፣ በዚያው ሜሮን ትታተማለች። አርባና ሰማንያውን ለወላድ መንጻት የደነገገው ዘሌዋውያን 12 ነው፤ ስምንተኛውን ቀን ያነሣውም ያው ምዕራፍ ነው። ምክንያቱን የሚሰጠው ግን ያው ግዝረትን ያጠበቀው ኩፋሌ ነው፦ አዳም ወደ ገነት የገባው በአርባኛው፣ ሔዋን በሰማንያኛው ቀን ነው።