ጊትል ከመርከብ ስትወርድ

የአብርሃም ካሃን «የክል» (1896 እ.ኤ.አ.) ስሙን ስለቀየረ ስደተኛ የተጻፈ ልብወለድ ነው ይባላል። ይሁን። እኔ ግን የማነበው ለሚስቱ ብዬ ነው።

የክል ሚስቱንና ልጁን ሩሲያ ትቶ አሜሪካ የገባ አይሁዳዊ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ልብስ ይሰፋል፤ ስሙም ጄክ ሆኗል። ቀን ስለ ቦክስና ቤዝቦል የሥራ ጓደኞቹን ያደነቁራል፣ ማታ ዳንስ ቤት ነው። ሚስት እንዳለው ለማንም አልተነፈሰም። የአባቱ መርዶ በደብዳቤ ሲደርሰው ግን ጸጸት ይዞት ጊትልን ያስመጣታል።

የኤሊስ ደሴቱን ምዕራፍ ሁለቴ አንብቡት። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፣ ሰንበታቸው። ጊትል፣ ያገባች ሴት ጸጉሯን መሸፈን ስላለባት ጥቁር ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍታለች። ጄክ ጺሙን ተላጭቶ ዘንጦ ቆሟል። ገና ሲያያት ልቡ ስንጥቅ አለ። የኢሚግሬሽኑ ሹምም እውነት ባልና ሚስት መሆናቸውን ያጣራል፤ ግማሹ ሥራው ስለሆነ፣ ግማሹ ደግሞ ለሳቅ። ጄክ ከዚያ በኋላ ሚስቱን የሚያየው በዚህ ሰውዬ ዓይን ይመስለኛል። ልጁን ዮሴሌንም ወዲያው «ጆዪ» ይለዋል።

ካሃን ራሱ በ1882 ከሩሲያ ግዛት የመጣ ስደተኛ ነው፤ ሰፈሩን ያውቀዋል። ሰፎልክ ጎዳናን ሲገልጽ ቆሻሻው፣ ሙቀቱና የሕዝቡ ግፊያ ጠረን አለው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በቋንቋው የሠራው ነው። ሰዎቹ በዪዲሽ ሲያወሩ ንግግራቸውን በደንበኛ እንግሊዝኛ ይጽፈዋል፤ መሃል የሚሰነቅሯትን እንግሊዝኛ ደግሞ እንደሚጠሯት ያጣምማታል። ጄክ የሚያፍርበት ቋንቋ ይፈስሳል፣ የሚኮራበት ይንተባተባል። (ዋሽንግተን አካባቢ የሚወራውን አማርኛ የሰማ ሰው፣ ይህን መጽሐፍ ለመተርጎም ግማሽ መንገድ ሄዷል።)

ቅሬታ አለኝ። ካሃን በጄክ ላይ ይጨክናል፤ ልቡ ያለው መጽሐፍ ከሚወደው ደባሉ ከበርንስታይን ጋር ነው፣ ያስታውቃል። ጊትል ተፈትታ ከራቢው ዘንድ ስትወጣ ባርኔጣ አድርጋለች፣ በራሷም መተማመን ጀምራለች። ግን የምታስበውን ብዙም አንሰማም፤ በርንስታይንን አግብታ ሱቅ እንደምትከፍት ብቻ ይነገረናል። ቶሎ አለቀ። በ1975 ጆአን ሚክሊን ሲልቨር «ሄስተር ስትሪት» በሚለው ፊልሟ ለጊትል የበለጠ ጊዜ ሰጥታታለች፤ ደግ አደረገች።

ስለ ማሚ ግን ማንም አያወራም። የዳንስ ቤቷ ሴት፣ የጄክ አዲሷ። ጊትል ሱቅ የምትከፍትበት የፍቺው ገንዘብ፣ ማሚ ሠርታ ያጠራቀመችው ነው። በምላሹ ያገኘችው፣ ሊያገባት እየሄደ መንገዱ ባላለቀ ብሎ የሚመኝ ሰው ነው።