የሕፃን ዐይን ሲፈርድ

የልጆች ፕሮግራሙ «ሰሳሚ ስትሪት» በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከመታየቱ በፊት የተደረገውን ሙከራ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ በአድናቆት ይሞላል። ተመራማሪው ኤድዋርድ ፓልመር ሕፃኑን የሙከራ ፊልሙ ፊት ያስቀምጠዋል፤ በጎን በኩል ደግሞ በየ7 ሰከንድ ተኩሉ ሥዕል የሚቀያይር ስላይድ ይበራል። ተመልካቹ ባለሙያ የልጁን ዐይን ብቻ እየተከተለ ይመዘግባል፦ አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ አሁን ሸሸ፤ ተመለሰ። የአራት ዓመት ልጅ ይሉኝታ አያውቅም፤ ከሰለቸው ፊቱን ያዞራል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1969 ፊላደልፊያ ውስጥ 5 የሙከራ ክፍሎች ታዩ። በፕሮግራሙ የሚተውኑት አሻንጉሊቶች ልጆቹን ይዘው አቆዩ፤ ሰዎች ብቻ ያሉበት የመንገዱ ትዕይንት ሲመጣ ግን ዐይኖች ተበተኑ። አሻንጉሊቶቹ ከመንገዱ የተለዩት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ምናቡና እውኑ እንዳይቀላቀሉ ስለመከሩ ነበር። አዘጋጆቹ ምክሩን ትተው ልጆቹን ሰሙ። ትልቁን ክብር የምሰጠው ለዚህ ነው፤ የደከሙበትን አፍርሶ እንደገና መቅረጽ ድፍረት ይጠይቃል። የአሻንጉሊት ባለሙያው ጂም ሄንሰን ቢግ በርድና ኦስካር የተባሉ አሻንጉሊቶችን ፈጠረላቸው። ኖቬምበር 10 ስርጭቱ ሲጀመር ግዙፉ ቢጫ ወፍ ቢግ በርድ ከሰዎቹ ጋር መንገዱ ላይ ነበር።