ሐና የበላቻቸው ከረሜላዎች

በአንድ ከረጢት ውስጥ ኤን ከረሜላዎች አሉ። ስድስቱ ብርቱካናማ ናቸው፤ የቀሩት ቢጫ። ሐና እጇን ሰድዳ፣ ሳትመርጥ አንድ ከረሜላ ታወጣለች፤ ትበላዋለች። ደግማ ሌላ ታወጣለች፤ እሱንም ትበላዋለች። ሁለቱም ብርቱካናማ የመሆናቸው ዕድል አንድ ሦስተኛ ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ ኤን² − ኤን − 90 = 0 መሆኑን አሳዩ። ከዚያም እኩልታውን ፍቱና ኤን ስንት እንደሆነ ተናገሩ።

ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 2015 የእንግሊዝ የ16 ዓመት ልጆች በተፈተኑት የኤድክሰል የጂሲኤስኢ ሒሳብ ወረቀት ላይ ወጣ። ካልኩሌተር አልተፈቀደም ነበር። ልጆቹ ከአዳራሽ ወጥተው ስልካቸውን እንደከፈቱ ትዊተር በቀልድና በብሶት ተሞላ፤ የፊርማ ማሰባሰቢያ ተከፈተ፣ ዜናው የአገሪቱን ጋዜጦች አዳረሰ። ኤድክሰል የፒርሰን ኩባንያ ነው፤ በ1996 ሲቋቋም ግን አንዱ እግሩ የቆመው በድሮው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ቦርድ ላይ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የተቀመጡት ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነው። እንግዲህ ሐና ለእኛም የሩቅ ዘመድ ናት ማለት ይቻላል።

በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው የተጨቃጨቀው ጥያቄው ከባድ ነው ወይስ ቀላል በሚል ነበር። አሠራሩን ያየለት ሰው ግን ጥቂት ይመስለኛል። እኔ ከልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ስፈታው ዓይኔን የያዘው እሱ ነው።

ከአንዲት ግሥ እንጀምር፦ ትበላዋለች። የመማሪያ መጻሕፍት እዚህ ቦታ ላይ የወጣው ነገር ተመልሶ ያልተከተተ መሆኑን የሚገልጽ ደረቅ ሐረግ ይጨምራሉ፤ ተማሪው ያን ሐረግ ካላስተዋለ ከመነሻው ይስታል። የዚህ ጥያቄ ደራሲ ሐረጉን ጥሎ ከረሜላውን አስበላት። የተበላ ከረሜላ ወደ ከረጢት እንደማይመለስ ለማወቅ በእንግሊዝኛ መራቀቅ አያስፈልግም፤ ቤቱ ውስጥ አማርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ቤንጋሊ የሚናገር የለንደን ልጅ ከጎረቤቱ እኩል ይረዳዋል። ይህች ግሥ ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ሒሳቡንም ተሸክማለች። ሐና ከረሜላውን እያየች ብትመልሰው ኖሮ ስድስት ጊዜ ስድስት 36 ይሆናል፤ ዕድሉ አንድ ሦስተኛ እንዲሆን ኤን² 108 መሆን አለበት። አሥር በአሥር 100፣ አሥራ አንድ በአሥራ አንድ 121፤ 108 መሀል ላይ ቀረ። ብርቱካናማዎቹን ሰባት፣ ሰባ ወይም ሰባት ሺህ ብናደርጋቸውም ያው ነው። አንድ ሦስተኛ የማንም ክፍልፋይ ካሬ ስላልሆነ፣ ከረሜላው የሚመለስ ከሆነ ይህን ዕድል የሚሰጥ ከረጢት በዓለም ላይ የለም።

ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። መጀመሪያ ከኤን ከረሜላ ስድስቱ፣ ከዚያ ከቀሩት አምስቱ ብርቱካናማ ናቸው፤ ስድስት በአምስት 30። ይህ የጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ከሆነ፣ ኤን ከራሱ በአንድ ከሚያንሰው ቁጥር ጋር ተባዝቶ 90 መስጠት አለበት። ዘጠኝ በአሥር፤ ከረጢቱ ውስጥ አሥር ከረሜላ ነበር። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ደራሲው ምን ያህል ጠባብ በር እንዳለፈ የሚታየው ሌሎች ቁጥሮችን ሲሞክሩ ነው። ስድስቱን ይዘን ዕድሉን ግማሽ እናድርገው፦ 60 የሚሰጡ ተከታታይ ቁጥሮች የሉም፤ ሰባት በስምንት 56፣ ስምንት በዘጠኝ 72 ነው። ሩብ ብንል 120፣ አንድ አምስተኛ ብንል 150፣ አንድ ስድስተኛ ብንል 180፤ ሁሉም ያመልጣሉ። እንደገና የሚገጥመው አንድ ሰባተኛ ላይ ነው፤ እሱም 15 ከረሜላ ይጠይቃል። አሁን ደግሞ አንድ ሦስተኛን ይዘን ከረጢቱን እንቀያይር። ትንሹ ሦስት ከረሜላ ያለበት፣ ሁለቱ ብርቱካናማ የሆኑበት ነው፤ ይህን ማንም በጣቱ ቆጥሮ ይጨርሰዋል። ቀጥሎ የሚገኘው የሐና ከረጢት ነው። ከሱ ቀጥሎስ? 36 ከረሜላ፣ 21 ብርቱካናማ፤ እኩልታው ውስጥ 1260 ይመጣል። ያንን ያለ ካልኩሌተር ለ16 ዓመት ልጅ መስጠት ጭካኔ ነው። እናም በጣም ቀላል በሆነውና በጣም አድካሚ በሆነው መካከል ያለው ከረጢት አንድ ብቻ ነው። ደራሲው አገኘው። ያገኘውም 90 ላይ ነው፤ የማባዛት ሠንጠረዥ ያጠና ልጅ ሁሉ በሚያውቀው ቁጥር ላይ።

ሦስተኛው ብልሃት ብዙ ሰው እንደ ጭካኔ ያየው ነው፤ እኔ ግን ርኅራኄ ነው እላለሁ። ጥያቄው እኩልታውን ፈልጋችሁ አግኙ አላለም፤ እኩልታውን ጽፎ ሰጥቶ እዚህ መድረሱን አሳዩ ነው ያለው። የመጀመሪያው ክፍል ያልሆነለት ልጅ የተሰጠውን እኩልታ ይዞ ሁለተኛውን መሥራት ይችላል። በአንድ ስሕተት ሁለት ጊዜ አይቀጣም። ሁለተኛው ክፍል ሲፈታ ደግሞ ሁለት መልስ ይወጣል፦ 10 እና ኔጌቲቭ 9። አንዱን የሚጥለው ከረጢቱ ራሱ ነው፤ ከዜሮ በታች ከረሜላ የሚይዝ ከረጢት የለምና።

እንከን የለውም አልልም። ከከረሜላ ወደ ካሬ የሚሸጋገርበት ስፌት ሸካራ ነው። ልጆቹን ያስደነገጠውም እሱ ይመስለኛል፤ ስለ ከረጢት ሲያወራ ቆይቶ ድንገት እኩልታ ይደቀናል። ሰሜን ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆች በሚያጠኑበት ክፍል አንዲት ልጅ የሚያስጠናቸውን መሐንዲስ ስትሞግት ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፍትሕ አይደለም። ወይ ስለ ከረሜላ ይጠይቁን፣ ወይ ስለ እኩልታ።»

«የት ላይ ነው ያታለለሽ የኔ ልጅ? የሚያስፈልግሽን ሁሉ ሰጥቶሽ የለም እንዴ?»

«ሰጥቶኛል። ግን ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚመጡ ማንም አልነገረኝም።»

እውነቷን ነው፤ ጥፋቱ ግን ከሐና አይደለም። ለዓመታት የድሮ ፈተናዎችን እየደጋገሙ የሠሩ ተማሪዎች የዕድል ጥያቄ በዕድል እንደሚጀምርና በዕድል እንደሚያልቅ ለምደው ነበር። ዕድልንና እኩልታን በተለያየ ወር ተምረዋቸዋል፤ ሁለቱ ምዕራፎችም በተለያየ ደብተር ላይ ተኝተዋል። ኤድክሰል በጊዜው የመለሰው ጥያቄው ከፍተኛውን ውጤት ለሚሹ የታሰበ ነው ብሎ ነበር፤ ትክክል ቢሆንም የልጅቱን ቅሬታ አይነካውም። በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ በተፈተነው አዲሱ ጂሲኤስኢ ምዕራፎችን አዋህዶ መጠየቅ እየተለመደ ሄደና ሐናም የክፍል መልመጃ ሆና ቀረች።

ሥራን መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ ትርጉምን መደበቅ ሌላ። ቅኔ ቤት ወርቁን አርቆ መቅበር ያስመሰግናል፤ ሰሚው ቢደናገር ለባለቅኔው ክብር ነው። ፈተና አውጪ ግን ሰሙን እንደ መስታወት የጠራ ማድረግ አለበት፤ ተማሪው የሚለፋው ጥያቄው ምን እንደሚል ለማወቅ ከሆነ የተፈተነው ሒሳቡ አይደለም።

የጥያቄ አለባበስ ይህን ያህል ሚዛን እንዳለው በለንደን ከማንም በላይ ያሳየው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን ነው። በ1966 ያስተዋወቀው እንቆቅልሽ አራት ካርድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ካርድ በአንድ በኩል ፊደል፣ በሌላው በኩል ቁጥር አለበት። የሚታዩት ኢ፣ ኬ፣ 4 እና 7 ናቸው። ሕጉ፦ በአንድ በኩል አናባቢ ካለ፣ በሌላው በኩል ያለው ቁጥር ተጋማሽ ነው። ሕጉ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ የግድ መገልበጥ ያለባቸው የትኞቹ ናቸው? አብዛኛው ሰው ኢን እና 4ን ይላል። ትክክሉ ኢ እና 7 ነው። ከ4 ጀርባ ማንኛውም ፊደል ቢገኝ ሕጉ አይጣስም፤ ከ7 ጀርባ አናባቢ ከተገኘ ግን ሕጉ ፈረሰ። አራት ካርድ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ምሁራኑን ሳይቀር ጣለ።

በ1971 ዋሰንና ባልደረባው ዳያና ሻፒሮ ያንኑ አጥንት ሌላ ሥጋ አለበሱት። አሁን ሕጉ አንድ መንገደኛ ስለ ራሱ የተናገረው ነው፦ ወደ ማንቸስተር በሄደ ቁጥር የሚጓዘው በመኪና ነው። ካርዶቹ ማንቸስተር፣ ሊድስ፣ መኪና፣ ባቡር። መገልበጥ ያለባቸው ማንቸስተርና ባቡር ናቸው። ረቂቁን ከሠሩት 16 ሰዎች ሁለቱ ብቻ ሲመልሱ፣ ጉዞውን ከሠሩት 16 ሰዎች አሥሩ መለሱ። (ሌሎች ሲደግሙት ውጤቱ ሁልጊዜ አልገጠመም፤ በ1982 ፍሎሪዳ ውስጥ ስለ ቢራና ስለ ዕድሜ ገደብ ተደርጎ ሲቀርብ ግን ከአራት ሰው ሦስቱ ገደማ አገኙት።) የዋሰንን ካርዶች ሳደንቅ እኖራለሁ፤ ለክፍል ፈተና ግን አላወጣቸውም። የተሠሩት ለመጣል ነውና። ሐና የተሠራችው ሊያልፍ የሚችለውን ለማሳለፍ ነው። ስለ ቢራ የሚያውቅ ልጅ ከማያውቀው በልጦ እንዲገኝ የሚያደርግ ጥያቄም ሌላ ዓይነት አድልዎ አለበት፤ ከረሜላ በልቶ የማያውቅ ልጅ ግን ከሉተን እስከ ክሮይደን ብትፈልጉ አይገኝም።

ቃላት ክፍተት ሲተዉ ምን እንደሚሆን ያሳየ ሌላ እንቆቅልሽም ነበር፦ በዚያው በ2015፣ ከሐና ሁለት ወር ቀድሞ፣ ከሲንጋፖር የሒሳብ ውድድር የወጣው «የሼሪል ልደት» ለንደን ገብቶ ነበር። የጋርዲያኑ የእንቆቅልሽ ጸሐፊ አሌክስ ቤሎስ ለአንባቢዎቹ ፈታው፤ ክርክሩም ቀጠለ። ሼሪል ልደቷ ሊሆኑ የሚችሉ አሥር ቀናት ትዘረዝራለች፦ ሜይ 15፣ 16፣ 19፤ ጁን 17፣ 18፤ ጁላይ 14፣ 16፤ ኦገስት 14፣ 15፣ 17። ለአልበርት ወሩን ብቻ፣ ለበርናርድ ቀኑን ብቻ ትነግራቸዋለች። አልበርት እኔ አላውቅም፣ በርናርድም እንደማያውቅ አውቃለሁ ይላል። በርናርድ መጀመሪያ አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን አወቅሁ ይላል። አልበርትም እንግዲያው እኔም አወቅሁ ይላል። መልሱ ጁላይ 16።

አሥሩ ቀናት ላይ ሥራ ፈት የለም ማለት ይቻላል። 18 እና 19 አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የመጡት ጁንንና ሜይን ይዘው እንዲወድቁ ነው። 14 በጁላይም በኦገስትም የገባው በርናርድ አወቅሁ ሲል አብሮ እንዲወጣ ነው። ሜይ 15፣ ሜይ 16 እና ጁን 17 ደግሞ ሦስቱን የመጨረሻ ዕጩዎች ከመጀመሪያው ለብቻቸው እንዳይታወቁ ይሸፍኗቸዋል። ኦገስት ሁለት ዕጩ ሲቀርለት ጁላይ አንድ ቀረው፤ የአልበርት የመጨረሻ ቃልም ያንን አንዱን ለየ። ከጁን 18 በቀር አንዱን ቀን ብትነቅሉ ቤቱ ይዘማል።

ቃላቱ ግን እንደ ቀናቱ አልተጠረቡም። አልበርት በርናርድ እንደማያውቅ በምን አወቀ? ጽሑፉ አይናገርም። ሰው ነግሮት ነው ብሎ የወሰደ አንባቢ 18ን እና 19ን ብቻ ያወጣል። ያኔ ጁን 17 ብቻውን ይቀራል፤ ወሩ ጁን ቢሆን አልበርት ራሱ ባወቀ ነበርና ጁን ይሰረዛል። ከዚያ 17 በኦገስት ብቻ ይገኛል፤ በርናርድ አወቀ፣ አልበርትም አወቀ። መልሱ ኦገስት 17 ሆነ። ብዙ ሰው በዚህ መልስ ተሟግቷል፤ ሎጂካቸው ከመነሻቸው ጋር ይገጥማል፤ የሳቱት መነሻውን ነው፤ እሱንም ክፍት የተወው ጽሑፉ ነው። የእንግሊዝ ፈተና ቦርዶች ወረቀት ከመታተሙ በፊት ከደራሲው ሌላ ሰው እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ በሰዓቱ እንዲሠራው የሚያደርጉት እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመያዝ ነው። እዚህስ ጥገናው ከባድ አልነበረም፤ «ከተነገረኝ ወር ብቻ ተነሥቼ» የሚሉ አራት ቃላት በአልበርት አፍ ቢጨመሩ ኦገስት 17 ጠበቃ ባላገኘ ነበር።