ጦርነትን በሊትዌንኛ መመዝገብ፦ የጋብሪዬሌ ፔትኬቪቻይቴ ማስታወሻ

የሊትዌኒያዊቷ ደራሲ የጋብሪዬሌ ፔትኬቪቻይቴ (1861–1943 እ.ኤ.አ.) «የጦርነት ጊዜ ማስታወሻ» ለፌብሩዋሪ 16 ቀን 1918ቱ የነጻነት አዋጅ መንደርደሪያ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። ይህ አነባበብ ግን የመጽሐፉን ዋና ቁም ነገር ይጋርደዋል ባይ ነኝ።

ደራሲዋ ከአነስተኛ መኳንንት ወገን የሆነ ሐኪም ልጅ ናት። በዚያ መደብ ዘንድ የጨዋ ቋንቋ ፖላንድኛ ነበር፤ ሊትዌንኛ የገበሬ መግባቢያ ተደርጎ ይታይ ነበር። በዚያ ላይ አገሪቱን ይገዛ የነበረው የሩሲያ ዛር መንግሥት ከ1864 እስከ 1904 ድረስ ሊትዌንኛን በላቲን ፊደል ማሳተም ከልክሏል። መጻሕፍቱ ፕሩሲያ ውስጥ ታትመው፣ በሰው ጀርባ ተጭነው በሌሊት ድንበር ይሻገሩ ነበር፤ ሲሸከም የተያዘ ሰው ወደ ሳይቤሪያ እስከ መጋዝ ይደርስ ነበር። ጋብሪዬሌ በ1893 ከያድቪጋ ዩሽኪቴ ጋር ዢቡሬሊስ የተባለ ኅቡዕ ማኅበር መሥርታ ለድሃ ተማሪዎች ገንዘብ ታሰባስብ ነበር። የእሷ ብሔርተኝነት መሠረቱ ይኸው ነው፤ የተማሪ ቀለብ መሙላት፣ የተከለከለ መጽሐፍ ለአንባቢ ማድረስ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ አገሪቱን የያዘው የጀርመን ጦር ኦበር ኦስት የተሰኘ ወታደራዊ አስተዳደር ዘረጋ። ከገበሬው ፈረሱን፣ እህሉንና ከብቱን ወሰደ፤ ያለ ፈቃድ ከወረዳ ወረዳ መሄድን ከለከለ፤ ለመታወቂያ ሰዉን በቡድን እያሰለፈ፣ ደረቱ ላይ ቁጥር እያደረገ ፎቶግራፍ አነሣ። ይኸው አስተዳደር ዳባርቲስ የተባለ የሊትዌንኛ ጋዜጣ ያሳትም ነበር፤ በ1918ም ሊትዌንኛንና ይዲሽን ጨምሮ የሰባት ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት አወጣ። ትናንት በስውር ይነበብ የነበረው ቋንቋ የወራሪው ትእዛዝ መጻፊያ ሆነ።

የባህል ብሔርተኞች ቋንቋው ከተፈቀደ ሕዝቡም ቀና ይላል ብለው ያምኑ ነበር። ኦበር ኦስት ይህን እምነት ክፉኛ ፈተነው፤ ቋንቋው ታትሞ ሕዝቡ ሊዘረፍ እንደሚችል አሳየ። የማስታወሻው ክብደት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ወራሪው በሊትዌንኛ ሲያዝዝ፣ ጋብሪዬሌ በፓኔቬዢስ አካባቢ ሆና የወራሪውን ሥራ በዚያው በሊትዌንኛ ትመዘግብ ነበር። ከአዋጁ ሃያ ፈራሚዎች አንዱ የሆነው ፔትራስ ክሊማስም በእነዚያ ዓመታት ቪልኒዩስ ውስጥ የዕለት ማስታወሻ ይዟል። የእሱ የፖለቲካው ማዕከል እይታ ነው፤ የእሷ ግን ፈረሱ የተወሰደበት ገበሬ ጎረቤት እይታ ነው። እኔ የእሷን አስቀድማለሁ፤ ያለ እሷ እይታ አዋጁ ለማን እንደታወጀ አይታወቅም።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። ማስታወሻው ከ1925 ጀምሮ ሲታተም ሊትዌኒያ ነጻ አገር ነበረች፤ ደራሲዋም በሜይ 1920 የሕገ መንግሥት አጽዳቂውን ጉባኤ የመክፈቻ ስብሰባ በዕድሜ አንጋፋነቷ የመራች የተከበረች ሴት ነበረች። ስለዚህ አንባቢው መጽሐፉን የተቀበለው ከድል በኋላ ነው፤ ጽሑፉ ግን የተጻፈው ድል መኖሩ ባልታወቀበት ሰዓት ነው።

ከዚህ የባሰ የአነባበብ ጉድለትም አለ። ፓኔቬዢስ ብዙ አይሁድ የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። የሩሲያ ጦር በሜይ 1915 ከተማዋ የምትገኝበት የካውናስ ጠቅላይ ግዛት አይሁዶችን በሰላይነት ጠርጥሮ ከቀዬአቸው ነቅሎ ወደ ምሥራቅ ነዳቸው። መጽሐፉን የአንድ ብሔር ምስክርነት ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሐያሲ እነዚህን ጎረቤቶች ከጦርነቱ ታሪክ ያስወጣቸዋል። የሊትዌንኛው ማስታወሻ በይዲሽ ከተጻፉ ትዝታዎች ጋር ጎን ለጎን መነበብ አለበት፤ ንጽጽሩም መጀመር ያለበት ከዚያ ከሜይ ወር ነው፣ ጀርመኖች ፓኔቬዢስ ከመድረሳቸው በፊት።