ስለ አንዲት የወርቅ መታሰቢያ ቴምብር



ባለፈው ሳምንት ለንባብ ቤታችን ከተለገሱት አሮጌ መጻሕፍት ከአንደኛው ውስጥ አንዲት የአሜሪካ ቴምብር ወደቀች። ቀለሟ ሐምራዊ፣ ዋጋዋ 3 ሳንቲም ነው። በካሊፎርኒያ ኮሎማ በምትባል ሥፍራ ወርቅ የተገኘበትን 100ኛ ዓመት ለማሰብ በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣች ናት። መታሰቢያም ሥራ ነውና እንደ ሥራ ልንመዝናት ወደድን።

በቅድሚያ የሚመሰገነው ይመስገን። ሠዓሊው ጠባቧን ቦታ አላባከናትም። ዋናው ሥዕል የጆን ሳተር የእንጨት መሰንጠቂያ ነው። ጄምስ ማርሻል ጃንዋሪ 24 ቀን 1848 የወርቅ ቅንጣት ያነሣው ከዚሁ መሰንጠቂያ የውኃ ቦይ ነበር። ሥፍራውም ቀኑም ትክክል ነው።

ጉድለቱ በቀረው ነገር ላይ ነው። «ወርቅ ተገኘ» ብቻ ሲባል ምድሩ ባዶ የነበረ ይመስላል። የኒሴናን ሕዝብ ግን ቀድሞም ይኖርበት ነበር፤ ሳተርም በነባሩ ሕዝብ ጉልበት ይጠቀም ነበር። ወሬው ከተሰማ በኋላ 150,000 ገደማ የነበረው የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ በግድያ፣ በበሽታና በረኃብ አልቆ በ20 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። በ1850 የወጣውና በስሙ «ጥበቃ» የሚል ቃል የያዘው ሕግም ለግዳጅ ሥራ ዳረጋቸው። ማርሻል ራሱ እንኳ በ1885 ደኽይቶ ሞተ።

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን፣ ተማሪ የሚመቸውን ብቻ ጽፎ የተጠየቀውን ሲተው ግማሽ ማርክ እንሰጠው ነበር። ለዚህችም ቴምብር ከዚያ አናሳልፍም።

ይህን ያነሣነው በሩቅ አገር ለመፍረድ አይደለም። ለመጽሔታችን የመታሰቢያ እትም ሽፋን ያጸደቅነውን ሥዕል አውጥተን ደግመን አየነው። የሠፈሩ በር አለ፤ የውኃ ታንከሩ አለ፤ የኮሚቴው አባላት ስም አለ። በመጣን ጊዜ ጉድጓዱን ያሳዩን የአገሬው እረኞች ግን የሉም። በመንገድ የቀሩት ወገኖቻችንም የሉም። ያጸደቅነው እኛው ነንና ሂሱ ከእኛ ይጀምር።

ሠዓሊያችን እንደገና ሊሥል ተስማምቷል። በመንገድ ሰው የቀረበት ሁሉ ስሙን እስከ ቅዳሜ ያቀብለን። ቦታ ከጠበበ የሚወጣው የኮሚቴው ስም ነው።