ከማሳየት በፊት ማቆየት፦ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ፣ የጣና እቃ ቤቶችና የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ታሪክ

ገላውዴዎስ የተባለው መነኩሴ የወለተ ጴጥሮስን ገድል በ1672 ሲጽፍ ቅድስቲቱ ካረፈች ሠላሳ ዓመት ሆኗት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩን የለቀመው አብረዋት ከኖሩት፣ አብረዋት ከተሰደዱት መነኮሳትና መነኮሳይያት አፍ ነው። ስለዚህ ገድሉ የአንድ ሰው ድርሰት ብቻ አይደለም፤ አንድ ማኅበር ስለ እናቱና ስለ ራሱ የሚያስታውሰውን ሰብስቦ በብራና ያኖረበት መዝገብ ነው። ዛሬ በሌላው ዓለም የማኅበረሰብ ቤተ መዛግብት የሚባለው ሥራ ጣና ዳር የያዘው መልክ ይህ ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመሳፍንት ወገን ተወልዳ የዐፄ ሱስንዮስ ሹም ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል ባሏን ትታ መነኮሰች፤ የአባቶቼን ሃይማኖት አልተውም ብላ ተከሰሰች፣ ተጋዘች። በ1632 ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅ በዙሪያዋ ብዙ ተከታይ የተሰበሰበላት እመምኔት ነበረች። በ1642 አርፋ በራማ ደሴት ተቀበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከባሕር ዳር በስተሰሜን፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ቆራጣ ላይ በስሟ ገዳም ተመሠረተ። ቆራጣ ኋላ የመማጸኛ ቦታ ሆነች፤ የንጉሥ ቁጣ የሸሸ ሰው እዚያ ይጠጋ ነበር።

ይህ ገድል በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ታሪክ ክርክር ውስጥ የገባው በሁለት ቦታዎች ምክንያት ነው። አንደኛው የወለተ ጴጥሮስ ባልንጀራ የነበረችውን እኅተ ክርስቶስን ይመለከታል። ሁለቱ ሴቶች ገና ሲተያዩ በልባቸው ፍቅር እንዳደረ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ሞት እንዳልተለያዩ ገድሉ ይተርካል፤ ወለተ ጴጥሮስ ስታርፍ ማኅበሩን የመራችው እኅተ ክርስቶስ ናት። ሁለተኛው አጭርና መራራ ነው፦ እመምኔቲቱ ወጣት መነኮሳይያት እርስ በርሳቸው ሲላፉና በፍትወት ሲፈላለጉ አየች፣ አዘነች፣ አወገዘች።

ግእዙን በ1912 ያሳተመው ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ነው። ላንፍራንኮ ሪቺ በ1970 ወደ ኢጣሊያንኛ መለሰው። እስከዚያ ድረስ ገድሉ ከግእዝ ሊቃውንትና ከገዳሙ ደጅ ብዙም አልወጣም ነበር። በ2015 ግን ልጅነቷን በከፊል ጎንደር ያሳለፈችው የፕሪንስተን መምህርት ዌንዲ ቤልቸርና የግእዝ ምሁሩ ሚካኤል ክላይነር ከአንድ ቅጂ በላይ አመሳክረው የእንግሊዝኛ ትርጉም አወጡ። በዓመቱ ቤልቸር በአንድ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ የመነኮሳይያቱን ታሪክና የሁለቱን ሴቶች ፍቅር አያይዛ ስለ ተመሳሳይ ጾታ መቀራረብ ጻፈች። እሳቱ የተቀጣጠለው ያኔ ነው። በ2020 ይርጋ ገላው ወልደየስ ትርጉሙ ገድሉን አዛብቷል፣ የአፍሪካን ታሪክ በቅኝ ገዥ ዐይን መልሶ ጽፏል የሚል ረጅም ሒስ አሳተመ። ጉዳዩ ከመጽሔት ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያና በዲያስፖራው መድረክ ላይ በእልክ ተቀጣጠለ።

ሁለቱም ወገን ልክ የሆነበት ቦታ አለ፤ ሁለቱም ከልኩ ያለፈበትም አለ። የቤልቸር ድካም ያለው በማያያዙ ላይ ነው። የመነኮሳይያቱን ታሪክ ገድሉ በግልጽ እንደ ኃጢአት ያቀርበዋል፤ የእኅተ ክርስቶስን ፍቅር ደግሞ እንደ ጸጋ። ጸሐፊው በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች የመዘናቸውን አንድ ላይ አስሮ ማንበብ የአንባቢ መብት ነው፤ ግን የአንባቢው ሥራ መሆኑ መታወቅ አለበት፣ የገላውዴዎስ አይደለም። በገዳም መንፈሳዊ ወዳጅነት የራሱ ቋንቋ አለው። የዛሬውን የማንነት ስም ወደ አሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ወስዶ በሁለት መናንያን ላይ መለጠፍ ታሪክን ከማብራት ይልቅ ያደበዝዛል።

ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ትልቅ ነገር ደግሞ ከቃላት አተረጓጎም በላይ ነው። ገድሉ ኅዳር 17 ቀን በበዓሏ የሚነበብ፣ ምእመናን አማላጃችን የሚሏት ሴት መጽሐፍ ነው። ባለቤቶቹ በሌሉበት ስለ ባለቤቶቹ ሲወሰን መቆጣታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ከ«ትርጉሙ ተሳስቷል» ተነሥተው «እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ጨርሶ አልነበረም» ወደሚለው ሲሻገሩ የራሳቸው መጽሐፍ አይከተላቸውም። ፍትሐ ነገሥት የወንድና የወንድን ግንኙነት ከሚያወግዛቸው ኃጢአቶች ጋር ቆጥሮታል፤ ማንም የማያውቀውን ነገር ደግሞ ማንም አይከለክልም። ገላውዴዎስ ታሪኩን የጻፈው ሊገሥጽበት ነው፤ ሲገሥጽ ግን መዘገበው። በብዙ አገር የዚህ ታሪክ ቀደምት ምንጮች የፍርድ ቤት፣ የፖሊስና የንስሐ መዛግብት ናቸው። የጣናውም ከዚያ ወገን ነው፤ በጠላት እጅ ተጠብቆ የቆየ ማስረጃ።

በአካባቢው ሌሎች ምንጮችም አሉ፤ የሚገኙት ግን ሩቅ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ሳይመን ሜሲንግ በ1957 ለፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት በአማራ ገጠር ወንዳገረድ ስለሚባሉ ሰዎች ጥቂት መስመሮች ጽፏል፦ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ሴቶች እንደ ወንድም ያዩአቸዋል፣ ባሎችም አይቀኑባቸውም፣ ሰው የእግዜር ስሕተት ናቸው ይላል። በዚያ ጥናት ውስጥ አንዳቸውም በራሳቸው አፍ አልተናገሩም። ከዚያ በፊት፣ በ1932፣ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ተቀምጦ የዛር ቤቶችን ሲከታተል ወራት አሳልፏል። አስተርጓሚውና ተባባሪው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ የባለዛሮቹን ንግግር በአማርኛ ይመዘግቡ ነበር። ወንድ ዛር የሰፈረባት ሴት የወንድ ድምፅ ታወጣለች፣ እንደ ጌታ ታዛለች፤ ፈረሱ ሴት፣ ፈረሰኛው ወንድ ነው። ይህን ዝም ብሎ ከዛሬው የጾታ ማንነት ጋር እኩል ማድረግ ሌላ ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ጎንደር ውስጥ የወንድነትና የሴትነት ድንበር እንዴት ይሻገሩት እንደ ነበር ማጥናት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ምንጭ ማግኘት ይቸግራል፤ ማስታወሻዎቹ ግን ሌሪስና የጉዞ ጓደኞቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ካነሷቸው ሥዕሎች ጋር ፈረንሳይ ገብተዋል።

እንግዲህ ስለዚህ ታሪክ የተጻፈው የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው፦ በሚያወግዘው ገዳምና በሩቁ ዩኒቨርሲቲ። ባለታሪኮቹ ራሳቸው ያቆዩት የለም። በ1974 ኒው ዮርክ ላይ የተጀመረው የሌዝቢያን ታሪክ መዝገብ የተነሣው ከዚህ ዐይነቱ ጉድለት ነው። ጆአን ኔስልና ጓደኞቿ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ ማስታወሻ በአንድ አፓርታማ ውስጥ ማከማቸት ጀመሩ፤ ለዩኒቨርሲቲም አንሰጥም አሉ። በአፍሪካ ደግሞ በ1997 ጆሃንስበርግ፣ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ጋላ (GALA) የተባለው የዚሁ ታሪክ ቤተ መዛግብት ተቋቋመ። ለዚያ የተመቸው በ1996 የጸደቀው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በጾታዊ ዝንባሌ ማግለልን መከልከሉ ነው። በርሊን ከ1985 ጀምሮ፣ ለንደን ከ2022 ጀምሮ በዚህ ታሪክ ላይ ብቻ የሚሠሩ ሙዚየሞች አሏቸው። የሁሉም መንፈስ አንድ ነው፦ መታየት። ተደብቆ የኖረ ሕዝብ ታሪኩን በመስታወት ሳጥን አኑሮ «ነበርን» ይላል።

ይህ አስተሳሰብ ወደ ባሕር ዳር እንዳለ ሊመጣ አይችልም፤ መምጣትም ያለበት አይመስለኝም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ወሲባዊ ድርጊትን በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ከዚያ በፊት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ይከለክለው ነበር። በ2019 አንድ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መንገደኞች ወደ ኢትዮጵያ ጥንታዊ ሥፍራዎች ጉዞ ማዘጋጀቱ ሲሰማ የተነሣው ቁጣ የሚታወስ ነው። በ2023 ክረምት ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መሰል ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰዱን አስታውቆ ነዋሪው እንዲጠቁም ጠይቋል። በእንዲህ ያለ አገር የፍቅር ደብዳቤ ቅርስ ከመሆኑ በፊት ማስረጃ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ፊት የአንድ ሰው ሥራ፣ የአንድ ሰው ቤተሰብ ነው።

መዝገብ ራሱ እንደሚገድል አውሮፓ አንድ ጊዜ ተምራለች። በግንቦት 1933 ናዚዎች በርሊን የነበረውን የማግነስ ሂርሽፈልድን የጥናት ተቋም ዘርፈው መጻሕፍቱን አቃጠሉ፤ ይህ በየሙዚየሙ ይነገራል። ያነሰ የሚነገረው የአምስተርዳሙ ነው። መጋቢት 1943 ቪለም አሮንዴዩስ የተባለ ሠዓሊ፣ እሱ ራሱ ወንድ የሚወድ ወንድ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጀርመኖች አይሁዳውያንን ይለቅሙበት የነበረውን የከተማውን የሕዝብ መዝገብ ቤት በፈንጂ አቃጠለ። በዚያው ዓመት ተረሸነ። ያ ሰው ቤተ መዛግብት በማፍረሱ ሰው አዳነ። የመዛግብት ሙያተኞች ይህን ታሪክ ከሂርሽፈልዱ ጋር ጎን ለጎን ቢያስተምሩት መልካም ነበር።

ከዚህ ላይ የጣና ልማድ የሚያስተምረው አለ። እዚህ ቅርስ የተጠበቀው በማሳየት ሳይሆን በመሸሸግ ነው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ደሴቶቹ ለሌላው አገር ንዋየ ቅድሳት መሸሸጊያ እንደ ነበሩ ሽማግሌዎች ይተርካሉ፤ ጣና ቂርቆስም የታቦተ ጽዮን ማረፊያ ነበረች የሚለው ትውፊት ከዚያው ሐሳብ የበቀለ ነው። የበርካታ ነገሥታት አጽም በዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ ለማየት ግን ፈቃድም ወንድነትም ያስፈልጋል። ክብራን ገብርኤልም ለሴት ዝግ ነው። እቃ ቤቱ የሚከፈተው ባለቁልፎቹ ሲገኙና ሲስማሙ ነው፤ መጽሐፉ የሚወጣው በበዓሉ፣ ለሚገባው ሥራ ነው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ዘውዶቹንና ብራናዎቹን ለቱሪስት ያሳያል፤ እዚያም ቢሆን የሚታየው ሁሉ አይደለም።

ይህ ልማድ ሲበረታ ምን እንደሚያስከትልም እናውቃለን። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት የክብራንን ብራናዎች አስነሥቶ በ1973 ዝርዝራቸውን በጀርመንኛ አሳተመ። ስለዚህ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከግቢው ወጥቶ በጀልባ ሊደርስበት የሚችለውን መጽሐፍ የሚያውቀው ከአውሮፓ በመጣ ካታሎግ ነው። በዚያው በ1973 የጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀድቷል፤ ቅጂው ሚኒሶታ ወዳለው የሂል ሙዚየም ሲገባ ለብዙ ዓመታት ዘርዝሮ ያስቀመጠው ጌታቸው ኃይሌ ነው። ያ ሥራ ባይኖር ብዙ ነገር ጠፍቶ በቀረ ነበር። ስለዚህ መቆለፍን አላመልክም። የምለው ማቆየትና ማሳየት ሁለት ሥራዎች ናቸው፣ የተለያየ ጊዜም አላቸው ነው።

በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን የመሠረቱት ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ ራሳቸውን ዜጋ ብለው ለሚጠሩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና መሰሎቻቸው በአደባባይ ይናገራል። ድፍረቱን አከብራለሁ፤ ውጭ ያለ ሰው መናገር ይችላልና ይናገር። ነገር ግን የአገር ቤቱን ትዝታ ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ሊማር የሚገባው ከእቃ ቤቱ እንጂ ከኢንተርኔቱ አይመስለኝም። ቃለ መጠይቁ ስም ሳይኖረው ይቀዳ፤ ቅጂው ፖሊስ ከማይደርስበት አገር ይቀመጥ፤ ባለታሪኩ እስኪሞት ወይም ሕጉ እስኪለወጥ ይታሸግ። በመዛግብት ሥራ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዲፕሎማቶችና የነገሥታት ወረቀቶች በዚህ መልክ ታሽገው ቆይተዋል። የከበደው ጥያቄ ቁልፉን ማን ይያዝ የሚለው ነው። ባለታሪኮቹ ብቻ ይዘውት ቢሰደዱ ወይም ቢታሰሩ መዝገቡ ይጠፋል፤ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ቢይዘው አስተዳደር ሲለወጥ የሚሆነውን ማንም አያውቅም። በርካታ ሰዎች ካልተስማሙ በር የማይከፈትበት የገዳም ሥርዓት በዘመናዊ የአደራ ውል ቢተረጎም ሊሠራ የሚችል ነው።

ለገድሉም ቢሆን እንዲህ ያለ መንገድ አለ። ቀጣዩ እትም ቅጂዎቹ የሚለያዩበትን ቦታ ሁሉ ጎን ለጎን ቢያትም፣ የይርጋን ሒስና የቤልቸርን ክርክር እኩል ቦታ ቢሰጣቸው፣ ቆራጣ ያሉ መነኮሳይያት ኅዳር 17 ቀን ያን ገጽ ሲያነቡ ምን እንደሚሰሙ ደግሞ ራሳቸው እንዲጽፉ ቢጋብዝ፣ መጽሐፉን ከሁለት ወገን የሚጎትቱት ሰዎች ቢያንስ በአንድ ብራና ላይ ይከራከራሉ። ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲያሳትሙ ማተሚያ ቤቶቻችን እንዲህ ያለ የቅጂ ልዩነት ማስታወሻ የማስገባት ልማዳቸው የሳሳ ነው፤ ከዚህ መጽሐፍ ቢጀምሩ ግን የሚያስቸግር ምክንያት አይታየኝም።